ስልክን ከዐቅሙ በላይ ስለ ማስሮጥ



ሰው በእጁ ያለው መሣሪያ ከትናንት ይልቅ ዛሬ እንዲፈጥንለት መመኘቱ የተፈጥሮ ነው። ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ ድምፅ ከሩቅ መሰማቱ ብቻ ያስደንቅ ነበር። ተንቀሳቃሹ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። ዛሬ በኪስ የሚያዘው ስማርት ስልክ የደብዳቤ ቤት፣ የፎቶግራፍ ማኅደርና የተማሪ ሰሌዳ ሆኗል፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም በቴሌብር አማካይነት የገንዘብ ሣጥን ሆኗል። ስለዚህ ስልኩ ሲዘገይ የቤቱ ሥራ ሁሉ ይዘገያል።

በከተማችን ምዕራብ፣ ወደ ቡራዩና ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ በሳንሱሲ ይህን ነገር በቅርብ ተመልክተናል። ሳንሱሲ የሚለው ድምፅ በፈረንሳይ ቋንቋ «ያለ ሐሳብ» ማለት ነው፤ ነገር ግን ስልኩ ያረጀበት ቤተ ሰብ ያለ ሐሳብ አይውልም። ብዙ ቤት በአንድ ስልክ ይገለገላል። እናት ዓረብ አገር ካለችው ልጇ ጋር በእርሱ ትነጋገራለች፤ አባት የሸቀጡን ሒሳብ በእርሱ ይከፍላል፤ ተማሪው ትምህርቱን በእርሱ ይከታተላል። እንግዲህ ወንድ ልጅዋ «እማዬ፣ ስልኩን ኦቨርክሎክ ላድርገውና እንደ አዲስ ይሩጥ» ቢላት፣ እርስዋም «አደራህን ልጄ፣ የነፍስ ኄር አያትህ ፎቶግራፍ ያለው በእርሱ ላይ ብቻ ነው» ብትለው፣ የሁለቱም ንግግር እውነት አለበት። ስለዚህ ጕዳዩን ከሁለቱም ወገን መርምረን እናቀርባለን።

ኦቨርክሎክ ማለት ምንድር ነው? በስልኩ ውስጥ ፕሮሰሰር የሚባል የስሌት ልብ አለ። የምቱ ቍጥር በሜጋኸርዝ ይለካል፤ 1 ሜጋኸርዝ በሰከንድ 1 ሚሊዮን ምት ነው። ይህን ልብ ፋብሪካው ከወሰነለት በላይ እንዲመታ ማስገደድ ኦቨርክሎክ ይባላል። በ2001 ዓ.ም. ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ፣ ኤች ቲ ሲ ድሪም፣ ፕሮሰሰሩ 528 ሜጋኸርዝ፣ ራሙም 192 ሜጋባይት ብቻ ነበረ። በዚህ ጠባብ ዐቅም ያልረኩ ዐዋቂዎች የስልኩን የውስጥ ሥርዐት መለወጥ ጀመሩ፤ ስቲቭ ኮንዲክ የተባለው አሜሪካዊ ያዘጋጀው ሳያኖጅንሞድም ከእነዚህ አንዱ ነው። ልማዱም በዓለም ሁሉ ተስፋፋ።

ነገር ግን ፍጥነት ያለ ዋጋ አይገኝም። ፕሮሰሰሩ የሚበላው ኀይል ከምቱ ቍጥርና ከቮልቱ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። ምቱ በመቶ 20፣ ቮልቱም በመቶ 10 ቢጨመር፣ 1.2 በ1.21 ተባዝቶ 1.45 ይሆናል፤ ይኸውም ለመቶ 20 ፍጥነት በመቶ 45 ትርፍ ኀይል መክፈል ነው። ይህም ኀይል ተመልሶ ሙቀት ይሆናል። ስልክ ግን እንደ ትልቁ ኮምፒውተር ማራገቢያ አብዛኛውን ጊዜ የለውምና፣ ሲግል ራሱን ለማዳን ምቱን ይቀንሳል። ሙቀቱም የሊቲየሙን ባትሪ ያስረጃል። ወደ አዲስ ዓለም ጭነት ይዛ የምትወጣ በቅሎ በጅራፍ ብዛት አንድ ዳገት ትሮጥ ይሆናል፤ ሁለተኛው ዳገት ላይ ግን ትቆማለች።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ኦቨርክሎክ ለማድረግ አስቀድሞ ፋብሪካው የቈለፈውን የማስነሻ በር መክፈት ያስፈልጋል። ይህ በር ሲከፈት በአንድሮይድ ስልኮች ዘንድ በስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ በልማድ ይጠፋል። እንግዲህ የእናቲቱ ሥጋት ከንቱ አልነበረም። ብዙዎቹ የባንክ ፕሮግራሞችም በሩ በተከፈተ ስልክ ላይ አንሠራም ይላሉ፤ ሥራው ቢበላሽም ስልኩ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል።

ታዲያ ብዙ ሥራ ባንድነት ለመሥራት ምን ይበጃል? የስልኩ ማከማቻ እንደ ጎተራ ነው፤ ራሙ ደግሞ እንደ ገበታ ነው። ጎተራው ሲሞላ ስልኩ አዲስ ነገር ለመጻፍ ይቸገራል። ስለዚህ በመጀመሪያ በቴሌግራም የተከማቹትንና የማይፈለጉትን ቪዲዮዎች ማጥፋት፣ የማይሠራባቸውንም ፕሮግራሞች ማስወጣት ይገባል። ጎተራውን እየቀነሱ ራም የሚጨምሩ ስልኮች አሉ፤ ነገር ግን ከጎተራ የተበደረ ቦታ ከእውነተኛው ራም እጅግ የዘገየ ነው። ፕሮግራሞችን በየደቂቃው መዝጋትም አይጠቅምም፤ የተነሣው ገበታ እንደ ገና ሲቀርብ ይልቁን ብዙ ባትሪ ይበላልና።

ሁለተኛው፣ በስልኩ ቅንብር ውስጥ የሥሪት ቍጥሩን ሰባት ጊዜ ቢነኩት የሠሪዎች ምርጫ የሚባለው ክፍል ይገለጣል። በዚያ የሥዕል እንቅስቃሴውን መጠን ከ1 ወደ 0.5 ዝቅ ቢያደርጉት፣ ገጾች ሲከፈቱ የሚታየው መዘግየት በግማሽ ያጥራል፤ ምንም ነገር አይጠፋም፣ ሙቀትም አይጨምርም።

ሦስተኛው ባትሪው ነው። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. አፕል የተባለው ኩባንያ ባትሪያቸው ያረጀባቸውን አይፎኖች ድንገት እንዳይጠፉ ብሎ ፍጥነታቸውን እንደሚቀንስ አመነ፤ ይቅርታም ጠይቆ የባትሪ መለወጫውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር ዝቅ አደረገ። ባትሪው የተለወጠለት ስልክ ፍጥነቱ ተመለሰ። የዘገየ ስልክ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ደካማ ነው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። ያበጠ ባትሪ ያለበትን ስልክ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ከሥራ ማውጣት ይገባል፤ እሳት ያስነሣልና።

ይህን ስንል የጕልማሳውን ብልሃት መንቀፋችን አይደለም። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉ የእጅ ሠራተኞች የተጣለ ቆርቆሮ ምድጃ እንዲሆን ያደርጋሉ፤ እንዲሁም ያረጀ ስልክ ለሚማር ልጅ መልካም መምህር ነው። አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ይህን ጥበብ ቢወድ አትከልክሉት፤ ቤቱ የማይገለገልበትን አሮጌ ስልክ ስጡት እንጂ። እርሱም በዚያ ላይ በሩን ይክፈት፣ ምቱን ይጨምር፣ ሙቀቱን ይለካ፣ ያየውንም ይጻፍ። ቤተ ሰቡ የሚኖርበትን ስልክ ከመንካቱ በፊት ግን ፎቶግራፎቹንና የሰዎቹን ቍጥር በኮምፒውተር ወይም በሌላ ማኅደር ይገልብጥ፤ ቅጂው መከፈቱንም በዐይኑ ይይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ያለ ቅጂ የጠፋ ፎቶግራፍ ግን ተለቅሞ አይገኝም።