የሰዋስው ዕውቀትና የመጻፍ ችሎታ

ሰዋስው ጠንቅቆ ያወቀ ተማሪ ጥሩ ድርሰት ይጽፋል የሚለው እምነት በመምህራን ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። በቆቦና በአላማጣ መካከል ከምትገኘው ከዋጃ የሚመጡ ተማሪዎቼ ግን እምነቱን እንድመረምር አድርገውኛል። ባለቤትና ተሳቢ ለይተው ያሰምራሉ፤ ስለ አገራቸው እርሻ ጻፉ ሲባሉ ግን የሚያቀርቡት የሚከተለውን የመሰለ ነው፦

የበልጉ ዝናብ ዘገየ። ገበሬው ጤፍ ዘራ።

ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ስሕተት የለባቸውም። የጎደለው ዝምድናቸው ነው። የራያ ቆላ ገበሬ በበልግ ዝናብ የሚዘራው ለመድረስ ረጅም ጊዜ የሚፈልገውን ማሽላ ነው፤ ዝናቡ ካመለጠው ወደ ጤፍ ይዞራል። ስለዚህ «ስለዘገየ» ቢባል ነገሩ እውነት ይሆናል፤ «ቢዘገይም» ቢባል ይፈርሳል። «ዘግይቶ» ብንል ደግሞ ቦዝ አንቀጹ ቅደም ተከተሉን ነግሮ ምክንያቱን ለአንባቢ ግምት ይተወዋል። ተማሪው ይህን ሁሉ በቃል ሲያስረዳ አይቸገርም።

ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፋቸው በልማድ ስምንት ይባሉ የነበሩትን የቃል ክፍሎች ወደ አምስት ዝቅ አድርገዋል። ለቋንቋ ጥናት ትልቅ እርምጃ ነው፤ ስምንቱን ትቶ አምስቱን መሸምደድ ግን የማንንም ድርሰት አያቃናም።

የውጭ ጥናቶችም ከዚህ አይርቁም። ግራሃምና ፔሪን በ2007 እ.ኤ.አ. ከ4ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተደረጉ ጥናቶችን አጠቃለው ሲመዝኑ፣ የሰዋስው ትምህርት በድርሰት ጥራት ላይ ያሳየው ውጤት ከዜሮ በታች (-0.32)፣ ዓረፍተ ነገሮችን የማጣመር ልምምድ ውጤት ግን 0.50 ሆኖ ተገኝቷል። እርግጥ ጥናቶቹ በአመዛኙ የእንግሊዝኛ ናቸው። አፍ መፍቻው ትግርኛ ለሆነ የራያ ልጅም የአማርኛን ደንብ በግልጽ ማስረዳት የራሱ ጥቅም አለው።

ሰዋስው ይጣል ማለቴ ግን አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ግስ የሚገሥሠው ቅኔ ለመቍጠር ነው፤ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርሙታል። ደንቡና ድርሰቱ አይለያዩም። በእኛ ክፍል ግን ፈተናው በአብዛኛው በምርጫ የሚመለስ በመሆኑ፣ አንድ አንቀጽ ሳይጽፍ የሚያልፍ ተማሪ ሞልቷል።

ዛሬ በክፍሌ ከላይ ያሉትን መሰል ጥንድ ዓረፍተ ነገሮች እሰጥና በሦስት መንገድ አጣምሩ፣ ለዋጃ እውነት የሚሆነው የትኛው እንደሆነ አስረዱ እላለሁ። ክርክሩ ይደምቃል። የሚያስቸግረው እርማቱ ነው፤ የቅኔው መምህር ተማሪዎቻቸውን አንድ በአንድ ይሰማሉ፣ የእኔ ክፍል ግን ከአንድ ሰው እርማት በላይ ነው።