የሰርቨሩ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

የአንድ ደብር ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት አንዱ ቁልፍ ይይዛል፤ ሌላው ይቆጥራል፤ ሌላው ይመዘግባል። ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ገንዘብ ለአንድ ሰው ብቻ አይተውምና። በየጽሕፈት ቤታችን የሚገኘው ሰርቨርም ተመሳሳይ ጥንቃቄ የሚሻ አደራ ሆኗል። የእርዳታ ተቀባዮች ዝርዝር፣ የውኃ ተቋማት መረጃ፣ ከለጋሾች ጋር የተፈረሙ ስምምነቶችና የሒሳብ ሰነዶች የሚቀመጡት በእርሱ ላይ ነው።

ከጽሕፈት ቤቶቻችን በአንዱ ሰርቨሩን የተከለው ባለሙያ ሥራ በለቀቀ ሰሞን የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ማቅረቢያ ቀን ደረሰ። በዚያው ሳምንት ሰርቨሩ አዲስ ፋይል አልቀበል አለ። በትእዛዝ መጻፊያው ጥቁር መስኮት ብቻ ይመራ ስለነበር ከቀረነው መካከል መላውን የሚያውቅ አልተገኘም። ሦስት የሥራ ቀናት ባከኑ፤ የእርዳታ ተቀባዮች ዝርዝር ለሥርጭት ቡድኑ የደረሰውም ዘግይቶ ነው። በመጨረሻ ችግሩ ሲገኝ፣ ያረጁ የክንውን መዝገቦች ዲስኩን ሞልተውት ኖሯል። ችግሩን አስቀድሞ ማየት የሚያስችል መሣሪያና እርሱን የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ቢኖር ኖሮ የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም ስለዚሁ ነው።

ሶፍትዌሩና ጥቅሙ

የሰርቨር ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር በሰርቨሩ ላይ ተተክሎ፣ ከሌላ ኮምፒውተር በብራውዘር የሚከፈት የሥራ ገጽ ነው። የዲስክ ይዞታ፣ የተጠቃሚዎች መዝገብ፣ መጠባበቂያ ቅጂና ማሻሻያ በአንድነት ይታዩበታል። እኛ የተጠቀምንበት ዌብሚን የሚባለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ፣ በፐርል ቋንቋ የተጻፈና በነፃ የሚገኝ ነው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን መግቢያና የተወሰነ ሥልጣን መስጠት ያስችላል፤ ማን ምን እንደለወጠም ይመዘግባል።

አተካከሉ እንደየሥርዓተ ክወናው

በኡቡንቱና በዴቢያን፣ እንዲሁም በሮኪ ሊኑክስና በሌሎች የሬድ ሃት ቤተሰቦች ላይ አካሄዱ ተቀራራቢ ነው። በመጀመሪያ የዌብሚን አዘጋጆች ያወጡትን ማዋቀሪያ በማስኬድ የእነርሱን ማከማቻ በሰርቨሩ ላይ ማስመዝገብ፣ ቀጥሎም በሥርዓቱ በራሱ የጥቅል ጫኚ መትከል ያስፈልጋል፤ ይኸውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ አፕት፣ በኋለኞቹ ላይ ዲኤንኤፍ ነው። ፋይሉን ከሌላ ሰው ፍላሽ ቀድቶ መትከል ማሻሻያዎች እንዳይደርሱ ስለሚያደርግ አንመክረውም። በፍሪቢኤስዲ ላይ ደግሞ ጥቅሉን መጫን ብቻ አይበቃም፤ የማዋቀሪያ ስክሪፕቱን ማስኬድና ሰርቨሩ ሲነሣ አገልግሎቱ አብሮ እንዲነሣ በመነሻ ፋይሉ ላይ መፍቀድ ይገባል።

በዊንዶውስ ላይ ዌብሚን ከጥቂት ክፍሎቹ በቀር ስለማይሠራ፣ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ዊንዶውስ አድሚን ሴንተር የተሻለ ነው። ይህም ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተተክሎ ሌሎቹን ሰርቨሮች ከዚያ ለመምራት ያገለግላል። ዶሜይን ኮንትሮለር በሆነው ሰርቨር ላይ ግን ሊተከል አይገባም።

የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔያቸው

*ገጹ አልከፈት ሲል፦* ዌብሚን የሚያዳምጠው በ10000 ፖርት ነው። አገልግሎቱ እየሠራ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የሚመረመረው ፋየርዎሉ ነው። በኡቡንቱ ዩኤፍደብሊው፣ በሬድ ሃት ቤተሰብ ደግሞ ፋየርዎልዲ ፖርቱን ዘግተውት ሊሆን ይችላል። አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ መጀመሩንም ማየት ያሻል።

*ብራውዘሩ ሲያስጠነቅቅ፦* ዌብሚን በመጀመሪያ የሚጠቀመው ራሱ የፈረመውን ሰርተፍኬት ስለሆነ ማስጠንቀቂያው የሚጠበቅ ነው። አድራሻው በእርግጥ የራሳችን ሰርቨር መሆኑን ሳያረጋግጡ ግን ማለፍ አይገባም።

*የይለፍ ቃል አልቀበል ሲል፦* በኡቡንቱ ላይ ሩት የተባለው ዋና ተጠቃሚ ከመነሻው የይለፍ ቃል የለውም። ስለዚህ በሱዶ ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ ስም መግባት ይቻላል። ደጋግሞ መሳሳት ለጊዜው ስለሚያሳግድ ጥቂት ታግሦ መሞከር ይበጃል። የይለፍ ቃሉ ፈጽሞ ከጠፋ፣ ከዌብሚን ጋር የሚመጣውን የይለፍ ቃል መለወጫ በሰርቨሩ ላይ ማስኬድ ይቻላል።

*ጥቅሉ አልጫን ሲል፦* መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ቦታ የተለመደ ምክንያት አለ። በሰርቨሩ ዋና ሰሌዳ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ካለቀች፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያን ጊዜ ሥርዓቱ የማከማቻውን ፊርማ ገና ያልደረሰ ቀን እንደተጻፈበት ቆጥሮ አይቀበለውም። ባትሪዋን መለወጥ፣ ቀኑን ማስተካከልና ሰዓቱ ከኢንተርኔት እንዲታረም ማድረግ መፍትሔው ነው።

*መጠባበቂያ ቅጂ ያለ ሰዓቱ ሲነሣ፦* ይህ በእኛው ላይ ደርሷል። ሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንዲከናወን ታስቦ በሰዓቱ ቦታ 8 ተጻፈ። ሰርቨሩ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነውና ቅጂው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ሥራ ሊጀምር ሲል ተነሣ፤ መረቡም ተጨናነቀ። መጻፍ የነበረበት 2 ነበር። የሰርቨሩ የሰዓት ክልል አዲስ አበባ መባሉንም ማረጋገጥ ይገባል፤ አለበለዚያ የ3 ሰዓት ልዩነት ሊያመጣ ይችላል።

በሩን ስለመጠበቅ

ሰርቨሩን በሙሉ የሚያስተዳድር ገጽ፣ ጠላት ቢገባበት ሰርቨሩን በሙሉ ያስረክባል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 ዌብሚን ከሚከፋፈልባቸው እትሞች በአንዳንዶቹ ውስጥ ባዕድ እጅ ያስገባው የጓሮ በር መኖሩ ታወቀ፤ በ1.930 እትምም ተወገደ። ከዚህ የምንማረው ማሻሻያን አለማዘግየትና ገጹን ለዓለም ሁሉ በኢንተርኔት አለመክፈት ነው። ከሩቅ መግባት ካስፈለገ በቪፒኤን ይሁን፤ መግባት የሚችሉት አድራሻዎችም ተለይተው ይታወቁ።

ለየጽሕፈት ቤቱ የምናሳስበው

አንደኛ፣ ሰርቨሩን የሚያውቁ ቢያንስ ሁለት ሠራተኞች ይመደቡ፤ እያንዳንዳቸውም በየራሳቸው ስም ይግቡ። ሁለተኛ፣ የዋናው ተጠቃሚ የይለፍ ቃል በታሸገና በተፈረመበት ፖስታ በጽሕፈት ቤቱ ካዝና ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ በየሩብ ዓመቱ አንድ ጊዜ ሁለተኛው ሰው ብቻውን የዲስኩን ይዞታ ይመርምር፤ ከመጠባበቂያ ቅጂውም አንድ ፋይል መልሶ ያውጣ። መልሶ ወጥቶ ያልታየ ቅጂ አለ ሊባል አይችልምና።

ሰርቨሩ በቆመባቸው በእነዚያ ሦስት ቀናት እርዳታውን የጠበቁ ቤተሰቦች የዲስክ መሙላት ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ሊያውቁም አይገባም። እነርሱ የሚያውቁት ስማቸው መመዝገቡን ብቻ ነው። ያን መዝገብ በሰዓቱ ማቅረብ ግን አደራውን የተቀበልን የሁላችን ኃላፊነት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።