ውኃ፣ አየርና ጠጣር የሚገናኙበት መስመር

በመስታወት ላይ ቁልቁል የምትወርድ የውኃ ጠብታን እናስብ። በጠርዟ ዙሪያ ውኃ፣ አየርና መስታወት በአንድ መስመር ይገናኛሉ።

የውኃንና የአየርን ወሰን በኮምፒውተር መከታተል የለመድነው ሥራ ነው። ኸርትና ኒኮልስ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ዘዴ ቦታውን በጥቃቅን ሣጥኖች ከፍለን፣ የእያንዳንዱን ሣጥን የውኃ ድርሻ ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር እንመዘግባለን። ውኃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል መክበዱ ስሌቱን ቢያውክም መላ አለው።

ጭንቁ ያለው ከጠጣሩ ዘንድ ነው። በተለመደው ሕግ መሠረት ጠጣርን የነካ ፈሳሽ በላዩ አይንሸራተትም። ታዲያ ጠብታዋ እንዴት ትወርዳለች? ሁህና ስክሪቨን እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳሳዩት፣ ሕጉ እንዳለ ከተያዘ በመስመሩ ላይ ያለው የሰበቃ ኃይል ወሰን የለሽ ይሆናል።

ኮምፒውተሩ ግን ጠብታዋን ያንቀሳቅሳታል! ፍጥነቱ ብዙውን ጊዜ የሚሰላው ከግድግዳው ግማሽ ሣጥን ያህል ርቆ ስለሆነ፣ የሣጥኑ ስፋት ሳናዘው የመንሸራተቻ ርቀት ይሆናል። ሣጥኑን ባሳነስን ቁጥር መስመሩ ይዘገያል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ምስሉ ያምራል፣ ፍጥነቱን የወሰነው ግን ተፈጥሮ ሳይሆን የእኛ ሣጥን ነው።

እውነተኛው የመንሸራተቻ ርቀት በናኖ ሜትር፣ ጠብታዋ ግን በሚሊ ሜትር ስለሚለኩ ሁለቱን በአንድ መረብ መያዝ እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ ኮክስ እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳደረገው፣ የወሰኑን ዘንበል ከመስመሩ ፍጥነት ጋር በሚያያይዝ ቀመር ያላየነውን ክፍል እንተካለን።