ነፋሱ ካለፈ በኋላ የመጣው ውሃ

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ውስጥ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ውሃው የወረደው ከከተማዋ በላይ ካለው ደጋ ነበር። እንዲህ ያለውን ጎርፍ ደራሽ እንለዋለን። ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ ሞዛምቢክን ምን እንዳደረጋት ለመረዳትም ከዚሁ ቃል መነሳት ይሻላል።

ኢዳይ ሲጀምር አውሎ ነፋስም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በማርች 2019 መጀመሪያ ሞዛምቢክንና ማላዊን ለቀናት በዝናብ ሲያረሰርስ ከርሞ ወደ ባሕር ተመለሰ። ሞዛምቢክን ከማዳጋስካር የሚለየው ባሕር በዚያ ወቅት ይሞቃል። ከላዩ የሚነሳው እንፋሎት ሽቅብ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ መልሶ ውሃ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚለቀው ሙቀት ደግሞ አየሩን ይበልጥ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ከሥሩም ሌላ እርጥብ አየር ይስባል። ባሕሩ እስከሞቀ ድረስ ይህ አዙሪት የጉልበት ምንጭ አያጣም።

ማርች 14 ሌሊት የወደብ ከተማዋ ቤይራ ላይ ደረሰ። ቆርቆሮ ገፈፈ፣ ምሰሶ ጣለ፣ ስልክ ቆረጠ። ሁሉም ስለ ቤይራ ሲያወራ ግን ትልቁ ጣጣ ገና መንገድ ላይ ነበር። አውሎ ነፋስ የብስ ላይ ሲወጣ ሞቃቱን ባሕር ስለሚያጣ ነፋሱ ይደክማል፤ የተሸከመውን ውሃ ግን የሆነ ቦታ ማራገፉ አይቀርም። ኢዳይ ያራገፈው የዚምባብዌ ምሥራቃዊ ተራሮች ላይ ጭምር ነው። ቺማኒማኒ ውስጥ ናዳ ከነቋጥኙ ወርዶ ሰዎችን ከነቤታቸው ቀበረ።

ከዚያ ውሃው ቁልቁል ተመለሰ። ከእነዚያ ደጋዎች የሚነሱት ፑንግዌና ቡዚ ወንዞች ባሕር የሚገቡት እዚያው ቤይራ አጠገብ ነው። ሜዳው ዝርግ፣ አፈሩም በመጀመሪያው ዝናብ ጠግቦ ስለነበር ውሃው አልሰርግ አለ። ቡዚ ከተማ ሰዎች ጣሪያና ዛፍ ላይ ወጥተው ጀልባና ሄሊኮፕተር ይጠብቁ ነበር፤ ከሳተላይት ሲታይ አካባቢው ባሕር መስሏል። ለእኔ ከነፋሱ ካርታ ይልቅ የወንዞቹ ካርታ ብዙ ይናገራል።

በሦስቱ አገሮች ከ1,000 በላይ ሰው ሞተ። ጉድጓድና መጸዳጃ በአንድ ውሃ ሲጥለቀለቁ ኮሌራ ተከተለ፤ 900,000 ገደማ ዶዝ ክትባት ገባ። ውሃው የተኛበት ማሳ ላይ ደግሞ ሊሰበሰብ ሳምንታት ብቻ የቀሩት በቆሎ ነበር።