ባርኮድ የሌለው ሽሮ

ክብደት ለመቀነስ የምበላውን ካሎሪ ስልኬ ላይ መመዝገብ ጀመርኩ። የታሸገ ምግብ ቀላል ነው፤ ባርኮዱን ለካሜራው ማሳየት ብቻ ነው። የእናቴ ሽሮ ግን ባርኮድ የለውም። «እማ፣ ዘይቱ ስንት ማንኪያ ነው?» ስላት፣ «በዓይኔ ነው የምለካው» አለችኝ። ስለዚህ እሷ ቤት ስሄድ እንኳ የታሸገ ምግብ እይዝ ነበር። ምንም አላለችም፤ ሳህኔን ብቻ ከገበታው አነሳች።

የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ፤ በቁጥር አምናለሁ። በኋላ የአሜሪካን ደንብ ሳነብ ግን ገረመኝ። 200 ካሎሪ ተብሎ የተጻፈበት ምግብ ሲመረመር እስከ 240 ቢገኝበት ይፈቀዳል።

እሁድ ዕለት እናቴ አጠገብ ቆሜ ቆጠርኩ፦ ለአራት ሰው ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት። አንዱ ማንኪያ ወደ 120 ካሎሪ ነው፤ የእኔ ድርሻ 90 ሆነ። ሽሮውንና እንጀራውን በግምት ጨመርኩ።

«አሁንስ ትበላለህ?» አለችኝ።