«አንድ አደጋ» ስንት ሜጋ ዋት ነው? ስለ መጠባበቂያ ኃይል ዕቅድ

የኤሌክትሪክ ኃይል ምርትና ፍጆታ በየቅጽበቱ መመጣጠን አለባቸው። ሲመጣጠኑ የመረቡ ፍሪኩዌንሲ በተወሰነለት ልክ፣ ማለትም በኢትዮጵያም ሆነ በብሪታንያ በ50 ኸርዝ፣ ይጸናል። አንድ ማመንጫ በድንገት ሲጠፋ ግን የቀሩት ጀነሬተሮች ጫናው በዝቶባቸው ፍጥነታቸው ይቀንሳል፤ ፍሪኩዌንሲውም ይወርዳል። ክፍተቱን ወዲያውኑ እንዲሸፍን ተዘጋጅቶ የሚቆየው አቅም መጠባበቂያ ኃይል ይባላል።

ምን ያህል መጠባበቂያ ይበቃል? የተለመደው መልስ በአንድ አደጋ ሊጠፋ የሚችለውን ትልቁን ምንጭ ያህል የሚል ነው። ሥራ ሳይሠራ የሚጠብቅ አቅም ወጪ ስላለው ከዚያ በላይ መያዝ እንደ ብክነት ይታያል። መልሱ ምክንያታዊ ቢሆንም ሁለት ምንጮች በአንድ ጊዜ አይጠፉም የሚል ግምት በውስጡ ተሸሽጓል።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2019 በብሪታንያ የሆነው ይህን ግምት ይፈትናል። በዕለቱ የተያዘው መጠባበቂያ 1,000 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። ከለንደን በስተሰሜን መብረቅ አንድ የማስተላለፊያ መስመር መታ፤ መስመሩም በሰከንዶች ውስጥ ወደ ሥራው ተመለሰ። ነገር ግን መብረቁ የፈጠረው መናወጥ የሆርንሲ የባሕር ላይ ነፋስ ማመንጫን 737 ሜጋ ዋት አሳጣ፤ በሊትል ባርፎርድ የጋዝ ማመንጫ ደግሞ 244 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የእንፋሎት ተርባይን ቆመ። በየአካባቢው የተበተኑ አነስተኛ ማመንጫዎችም የራሳቸው መከላከያ አጠፋቸው። ፍሪኩዌንሲው 48.8 ኸርዝ ሲደርስ አውቶማቲክ ሥርዓቱ ቀሪውን መረብ ለማዳን ወደ 1.1 ሚሊዮን የሚጠጉ ደንበኞችን አቋረጠ። ኃይሉ በ45 ደቂቃ ውስጥ ቢመለስም፣ ፍሪኩዌንሲው ሲወርድ የቆሙ አንዳንድ ባቡሮች ቴክኒሻን ካልደረሰላቸው በቀር የማይነሡ ስለነበሩ የመንገደኞቹ እንግልት ከዚያ በላይ ዘለቀ።

ከጠፉት ምንጮች አንዱም ለብቻው ከመጠባበቂያው አይበልጥም ነበር፤ የሁሉም መነሻ ግን አንድ መብረቅ ነበር። ስለዚህ አደጋ መቆጠር ያለበት በማሽን ሳይሆን በመንስኤ ነው። መፍትሔውም ሁልጊዜ ተጨማሪ መጠባበቂያ መግዛት አይደለም። የአነስተኛ ማመንጫዎቹ መከላከያ በቀላል መናወጥ እንዳያጠፋቸው ቅንብሩን ማስተካከል ሊረክስ ይችላል፤ በብሪታንያም በዚህ ረገድ ሰፊ ሥራ ተሠርቷል።

ይህ አቆጣጠር ለኢትዮጵያ መረብም ይሠራል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ያላቸው 13 ተርባይኖች አሉት፤ ትልልቆቹ እያንዳንዳቸው 400 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። በማሽን ከተቆጠረ ትልቁ አደጋ 400 ሜጋ ዋት ነው። ይሁንና የብዙ ተርባይኖች ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት መስመር አብሮ ስለሚጓዝ፣ በመንስኤ ሲቆጠር ቁጥሩ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል።

እርግጥ የውኃ ኃይል ለመጠባበቂያ ምቹ ነው፤ ያልተለቀቀው ውኃ በግድቡ ውስጥ ይቆያልና። የውኃ ብዛት ግን ፍጥነት ማለት አይደለም። የተርባይኑ በር ሲከፈት በቧንቧው ያለው ከባድ የውኃ ዓምድ ፍጥነቱን እስኪያገኝ ጊዜ ይወስዳል፤ እንዲያውም ኃይሉ ከመጨመሩ በፊት ለቅጽበት ይቀንሳል። ስለሆነም ዕቅድ አውጪው ለመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች እንደ ባትሪ ያለ ፈጣን ምንጭ ማዘጋጀት፣ አለበለዚያም በአንድ መስመር በአንድ ጊዜ የሚያልፈውን ኃይል መገደብ ይኖርበታል።