የዒድ ፎቶ፦ በሮው ወይስ በጄፔግ እናንሳ?

ዒድ ሲቃረብ ካሜራ ያላቸው ወንድሞችና እህቶች አንድ ጥያቄ ይጠይቁናል። ካሜራውን ሮው ላይ እናድርገው ወይስ ጄፔግ ላይ? እኛም ራሳችን በዚህ ተከራክረንበታል።

ጄፔግ ላይ ሲሆን ካሜራው ሥራውን ራሱ ይጨርሳል። ቀለሙን ያስተካክላል፣ ምስሉን ያጠራል፣ ከዚያም አያስፈልግም ያለውን መረጃ ጥሎ ፋይሉን ያሳንሰዋል። ሮው ግን እንደ ስሙ ጥሬ ነው። ሴንሰሩ የተቀበለው ብርሃን ሳይሠራበት ይቀመጣል፤ እንደ ላይትሩም ወይም ነፃው ዳርክቴብል ባለ ፕሮግራም አሰናድተን ነው ለአንባቢ የምናደርሰው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ሲይዝ፣ በ14 ቢት የተቀዳ ሮው 16,384 ይይዛል።

የዚህ ቁጥር ትርጉም የሚገባን የዒድ ሜዳ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ስታዲየምና ዙሪያው ሲሰገድ የጠዋት ፀሐይ ትበረታለች። ነጭ ጀለቢያ፣ ነጭ ኮፍያ፣ ነጭ ሒጃብ፤ በመሐሉ ጥላ ያረፈበት ጠይም ፊት። ፊቱ እንዲታይ ብርሃን ስንጨምር የጀለቢያው ጥልፍ ጠፍቶ ልብሱ ባዶ ወረቀት ይመስላል። በጄፔግ ከሆነ ያ ጥልፍ አይመለስም። በሮው ብዙ ጊዜ ከፊሉ ይመለሳል፤ ሴንሰሩ ከአቅሙ በላይ ብርሃን ከገባበት ግን ሮውም አያድነውም። ስለዚህ በየትኛውም ብታነሱ ብርሃኑን ለነጩ ልብስ መጥኑ፤ ጨለም ያለውን ፊት በኋላ ማብራት ይቻላል፣ በተለይ በሮው።

ታዲያ ሁሉንም በሮው? አይደለም። የዒድ ፎቶ ሰዉ ሰግዶ ቤቱ ሳይገባ ቴሌግራም ላይ ይጠበቃል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንዱ ሮው ፋይል ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል፤ ጄፔጉ 10 አካባቢ ነው። በተከታታይ ስናነሳም አነስተኛ ካሜራዎች በሮው ቶሎ ይሞላሉና ካርዱ ላይ ጽፈው እስኪጨርሱ ያስጠብቁናል። ሰፉ አንድ ላይ ሱጁድ ሲወርድ ካመለጠን ሁለተኛው ረከዓ አለ። ሁለት ሽማግሌዎች "ዒድ ሙባረክ" ተባብለው ሲተቃቀፉ ካመለጠን ግን ድገሙልን አይባልም። ለሜዳው ዜና እኛ ጄፔግን እንመርጣለን።

እ.ኤ.አ. በ2015 ሮይተርስ ለፍሪላንስ ፎቶ አንሺዎቹ በሮው ተነስቶ የተሠራ ፎቶ እንዳይልኩ፣ ከመነሻው በጄፔግ የተነሣውን ብቻ እንዲልኩ አሳውቆ ነበር። ምክንያቱ ፍጥነትና የዜና ታማኝነት ነው። ፍጥነቱን እንቀበላለን። በታማኝነቱ ግን ጄፔግም በፎቶሾፕ ይቀየራል። እንዲያውም "ይህ ሕዝብ ተጨምሮበታል" የሚል ክርክር ሲነሳ ያልተነካው ሮው ፋይል ጥሩ ማስረጃ ነው። ስለዚህ የሕዝቡን ብዛት የሚያሳዩትን ጥቂት ሰፊ ፎቶዎች በሮውም ያዙ።

መስጂድ ውስጥና ኒካህ ላይ ሐሳባችን ይለወጣል። በመስኮት የቀን ብርሃን ይገባል፣ ጣሪያው ላይ አምፖል ይበራል፤ የሙሽራው ፊት በአንድ በኩል አረንጓዴ፣ በሌላው ሰማያዊ ይሆናል። በጄፔግ ያንን ቀለም ማስተካከል ፎቶውን ያበላሻል፤ በሮው ዋይት ባላንሱን በኋላ ያለ ጉዳት እንመርጣለን። የሚያጣድፍም የለም፣ ቤተሰቡ ጥቂት ቀን ይታገሣል። የቆዩ መስጂዶችንና የእጅ ጽሑፍ ኪታቦችን ለታሪክ የምታስቀሩም በሮው አንሱ።

ካርዳችሁ ሰፊ ከሆነ ካሜራው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እንዲቀዳ ማዘዝ ይቻላል፤ ጄፔጉን ለዛሬ፣ ሮውን ለማኅደር። ለእኛ ስትልኩ ደግሞ ቴሌግራም ላይ "ፎቶ" ብላችሁ ሳይሆን "ፋይል" ብላችሁ ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ መልሶ ያሳንሰዋል።